የ«ያ ሰውዬ» ኢንሹራንስ

ጀማነህ ኪዳን ኢስትሙር በሚባል የኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሰፈር ውስጥ ባለች የቀይ ሸክላ ቤት ከሚስቱ ከፅጌረዳና ኮሌጅ ከምትማረው ልጃቸው ከሩሃማ ጋር ይኖራል። ሱዳን ውስጥ ስድስት ዓመት በስደት ቆይቶ ኮሎምበስ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ አሥራ ሰባቱን ያሳለፈው ግሮቭ ሲቲ በሚገኝ የውሻና የድመት ምግብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በረዶ ላይ መንዳት አይፈራም፤ አለቃ አይፈራም፤ ከጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ አንድ ቶን የድመት ምግብ ሲያወርድ እጁ አይንቀጠቀጥም። የበሽታ ስም ግን ይፈራል።

በተለይ አንዱን። ጀማነህ ካንሰርን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ደሴ ሲያድግ እናቱ «ስሙን ከጠራኸው፣ ፈልገኸው መስሎት ይመጣል» ይሉት ስለነበር፣ ቤታቸው ውስጥ በሽታው የሚታወቀው «ያ ሰውዬ» በሚል ነበር። ጎረቤት ሲሞት እናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ሰውዬ ነው የወሰደው» ይላሉ። ጀማነህ ልጅ ሳለ የእውነት ሰውዬ መስሎት፣ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። አድጎ ነገሩ ሲገባውም አጠራሩን አልለወጠም። ሩሃማ ሃይስኩል እያለች ለሳይንስ ክፍል ስለዚሁ በሽታ ፖስተር ሠርታ ሳሎን ብታስቀምጥ፣ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮት ነው እራቱን የበላው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው፣ ባለፈው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ፣ የካንሰር ኢንሹራንስ ግባ የተባለው።

ሳምንቱ የመጋዘኑ ሠራተኞች የመጪውን ዓመት ኢንሹራንስና ሌላ ቤኔፊታቸውን የሚመርጡበት ነበር። የሠራተኛ አስተዳደሯ፣ የኤችአሯ ዴቢ በምሳ ሰዓት ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ዶናት ደርድራ፣ ወረቀት ታድላለች። ጀማነህ የቀረበው ለዶናቱ ነው።

«ጀማነህ፣ ዘንድሮ አዲስ ነገር አለን፤» አለችው በእንግሊዝኛ። «የካንሰር ኢንሹራንስ ነው። ከሄልዝ ኢንሹራንስህ በተጨማሪ የሚገባ። ከደሞዝህ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ነገር ይቆረጣል፤ ድንገት ከያዘህ ደግሞ አሥር ሺህ ዶላር በእጅህ ይሰጥሃል። ለሐኪም ትከፍልበታለህ፣ የቤት ዕዳ ትከፍልበታለህ፣ የፈለግኸውን ታደርግበታለህ።»

ጀማነህ ዶናቱን መልሶ አስቀመጠ።

«የምትገባ ከሆነ እስከ ዓርብ ከሰዓት አምስት ሰዓት ድረስ ነው፤» አለችና ወረቀቱን ሰጠችው።

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ከልቡ አጠገብ መሆኑ ደስ ስላላለው ወደ ኋላ ኪሱ አዛወረው። ሲቀመጥበት ደግሞ እዚያ አካባቢም ያ ሰውዬ እንደሚመጣ የሰማው ነገር ትዝ አለው። በመጨረሻ ወረቀቱ ቀኑን ሙሉ ከፎርክሊፍቱ መቀመጫ ሥር ዋለ።

ምክር የጠየቀው ሁለት ሰው ነው። አንዱ አብሮት መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራው፣ በዲቪ ከመጣ አራት ዓመት የሆነው፣ ሠላሳ ያልሞላው ጁነዲን ነው። ጁነዲን ኢንሹራንስ ያልገባለት ነገር የለውም፤ ለስልኩ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለጎማው፣ ለመነጽሩ ሳይቀር ይከፍላል።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤» አለው። «እኔ ኢንሹራንስ የገባሁለት ነገር ተሰብሮብኝ አያውቅም። ስልኬ ከሁለተኛ ፎቅ ወድቋል፤ ጭረት እንኳ የለውም። ኢንሹራንስ ያልገባሁለት የሻይ ማፍያዬ ግን በሁለት ሳምንቱ ተቃጠለ።»

«ኢንሹራንሱ ይጠብቃል ነው የምትለኝ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርዎት።»

ሁለተኛው ገብረኪዳን ነው። ከጀማነህ በአምስት ዓመት ይበልጣል፤ እዚያው መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪኖችን ወረቀት ይቆጣጠራል፤ የእድራቸውም ሊቀመንበር ነው።

«እንዳትሞክረው፤» አለ ገብረኪዳን። «እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ መኪና ተከራይቼ፣ ልጅቷ አግባብታኝ ሙሉ ኢንሹራንስ ገባሁ። ከፓርኪንጉ ወጥቼ አሥር ደቂቃ ሳልነዳ አጋዘን ገባችብኝ። የራሴን መኪና ያለ ሙሉ ኢንሹራንስ ሃያ ዓመት ስነዳ አንዲት ሽኮኮ እንኳ ነክታኝ አታውቅም።»

«አጋዘኗ መግባትህን በምን አወቀች?»

«እሱን እሷን ጠይቃት።»

ጀማነህ ግራ ገባው። ሁለቱም ቁም ነገረኛ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። አንዱ ከገባህ አይመጣም ይላል፤ ሌላው ከገባህ ይመጣል ይላል። ሁለት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ ረቡዕ ዕለት ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ኩባንያውን ራሱን ሊጠይቅ ወሰነ።

ለፅጌረዳ አልነገራትም። እሷ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስለምትሠራ የምትመለሰው አመሻሹ ላይ ነው። ጀማነህ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ እንደደረሰ መኪናውን ጋራዥ አስገባ፤ ሞተሩን አጠፋና ከመቀመጫው ሳይነሳ ደወለ። ስልኩ ከመኪናው ስፒከር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ንግግሩ እንደ ሬዲዮ ጋራዡን ሞላው።

ያነሳው ብራድ የሚባል ትሑት ልጅ ነው። የጀማነህ እንግሊዝኛ ለመጋዘን ይበቃል፤ ከሱፐርቫይዘር ጋር ይከራከርበታል፤ በሽታ ሲነሳ ግን ጥሎት ይጠፋል። ስለዚህ «አማርኛ» አለ። ሙዚቃ ተከፈተ። ሙዚቃው ሲያበቃ የሴት ድምፅ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ፤ የሰማሁትንም ለማንም አልናገርም።»

ጀማነህ ድምፁን ያውቀዋል። ሉዊስ ሴንተር የምትኖረው እናናዬ ናት፤ የፅጌረዳ የማኅበር ጓደኛ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በአንድ ማዕድ በልተዋል።

«ጤና ይስጥልኝ፤» አለ ድምፁን እንደ ጳጳስ አወፍሮ።

ብራድ ሙሉ ስም ጠየቀ፤ እናናዬ ተረጎመች።

«ጀማነህ ኪዳን።»

«ጀማነህ ኪዳን፤» አለች እናናዬ፣ ስሙን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው። ከዚያ ለብራድ ፊደል በፊደል ነገረችው፤ አጻጻፉን ግን ጀማነህ አልነገራትም ነበር።

ብራድ ወደ ጤና ጥያቄ ገባ። መጀመሪያ የጠየቀው ካንሰር ይዞት ያውቅ እንደሆነ ነው። እናናዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሷም ያደገችው በዚያው ወግ ነው።

«ያ ክፉ በሽታ፣ ከእርስዎ ይራቅና፣ ይዞዎት ያውቃል ወይ ይላሉ።»

«የትኛው?»

«ያ።»

«ስኳር?»

«አይደለም። ያኛው።»

«ደም ግፊት?»

«የለም፣ ያ የማይጠራው።»

«ያ ሰውዬ?»

እናናዬ አሰበች። «አዎን። ያ ሰውዬ።»

«እሱማ ወደኔ መጥቶ አያውቅም።»

እናናዬ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ያ ሰውዬ ወደሳቸው መጥቶ አያውቅም ብላ ተረጎመች።

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ብራድ።

«የትኛው ሰውዬ ይላሉ።»

«ራሱ የጠየቀኝ ሰውዬ ነዋ።»

«እርስዎ የጠየቁት ሰውዬ ይላሉ።»

«እኔ ስለ ሰው አልጠየቅሁም፤» አለ ብራድ፤ ድምፁ ተጨነቀ። «ደህና ነው? ቤቱ የገባ ሰው አለ?»

«ደህና ነዎት ወይ፣ ቤትዎ የገባ ሰው አለ ወይ ይላሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን አልገባም።»

«ለፖሊስ ልደውልለት?»

እናናዬ እዚህ ላይ ደንቧን ጥሳ ሁለት ቃል ከራሷ ጨመረች፤ በሽታውን ማለታቸው ነው አለችው። ብራድ በረጅሙ ተነፈሰና ቀጠለ። እናትህ፣ አባትህ፣ ወንድም እህት እያለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተጠራ። ሁሉም ጋ ያ ሰውዬ እንዳልሄደ ተመዘገበ። ወራሽህ ማን ነው ሲባልም የፅጌረዳን ስም ሰጠ።

ፅጌረዳ በዚያ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ ቀደም ብላ ነበር የወጣችው። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ ባዶውን የቆሻሻ በርሜል እየጎተተች ወደ ጋራዡ ስትደርስ ከውስጥ የፈረንጅ ድምፅ ሰማች። ብራድ የኩባንያውን ስም ጠርቶ፣ ነገሩን ለማጠቃለል፣ ቀስ ብሎና ጮክ ብሎ ይናገራል።

«ካንሰር መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሥር ሺህ ዶላሩ ይላካል። ጀማነህ በሕይወት ከሌለ ደግሞ ገንዘቡ ለሚስቱ፣ ለፅጌረዳ፣ ይደርሳል።»

በርሜሉን ለቀቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ፅጌረዳ ቃሉን የማትፈራ ሴት ናት፤ ይህንንም ኩባንያ ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት በመሥሪያ ቤቷ በኩል ከዚሁ ኩባንያ የካንሰር ኢንሹራንስ ገብታለች፤ ለራሷም ለባሏም። ያልነገረችው ደግ ስለሆነች ነው፤ ቢሰማ ወር ሙሉ እንቅልፍ እንደሚያጣ ታውቃለች። ስለዚህ አሁን የገባት እንዲህ ነው። ጀማነህ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ካንሰር ተገኝቶበታል፤ ለእሷ መናገር አቅቶታል፤ የደበቀችውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አግኝቶ ገንዘቡን እየጠየቀ ነው።

በፊት ለፊት በር ቤት ገብታ ወደ እናናዬ ደወለች። አልተነሳም። ደግማ ደወለች።

ጋራዡ ውስጥ፣ ከስፒከሩ፣ የሆነ ነገር ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ብራድ።

«የአስተርጓሚዋ የግል ስልክ ነው፣ ይቅርታ፤» አለች እናናዬ።

ስድስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ጀማነህ እስከ ዓርብ ላስብበት ብሎ አመስግኖ ዘጋ። እናናዬም ሰባተኛውን ጥሪ አነሳች።

«እናናዬ፣ ስለ ጀማነህ...» ብላ ጀመረች ፅጌረዳ።

«ፅጌ፣ እዚያው ላይ አቁሚ፤» አለች እናናዬ ደንግጣ። «ስለ ጀማነህ ምንም እንዳትጠይቂኝ። ብታርጂኝ አልናገርም።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«አውቃለሁም አላውቅምም ማለት አልችልም።»

ፅጌረዳ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይመጣል?

እንባዋን ጠርጋ ለገብረኪዳን ደወለች፤ የእድር ሊቀመንበር ነውና። ገብረኪዳን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ለካ ለዚህ ነው! ሰኞ ዕለት ስለዚሁ ኢንሹራንስ ጠየቀኝ። እኔ ሞኙ ስለ አጋዘን አወራሁለት።» ለማንም እንደማይናገር ማለላት። ከዚያ ለሦስት ሰው ብቻ፣ ሦስቱንም አስምሎ፣ ነገራቸው።

በዚያ ምሽት ጀማነህ ቤቱ ተለውጦ አገኘው። ፅጌረዳ ሪሞቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ኳስ እያየ ጮክ ሲል ዝም አለችው። ጫማውን ምንጣፉ ላይ ቢያወልቅ፣ ከሃያ አራት ዓመት ትዳር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሷ አንስታ በር ላይ አኖረችለት። እራት ላይ የሥጋውን ጥሩ ጥሩ እየመረጠች ወደሱ ገፋችለት።

መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ግን ዓይኗ መቅላቱን አየ።

«ምን ሆነሻል?»

«ሽንኩርት ነው።»

ጀማነህ ወጡን አየ። ከትናንት የተረፈ ነው፤ ዛሬ ሽንኩርት የሚባል ነገር አልተከተፈም።

«ጀማነህ፣» አለችው፣ «ምንም ቢመጣ አብረን ነን። እሺ?»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። ሚስቱ ታለቅሳለች፤ ምክንያቱን ትደብቃለች፤ ሳትጨቃጨቅ ታስታምመዋለች። ሰው እንዲህ የሚለሰልሰው ሊሰናበት ሲል እንደሆነ ከእናቱ ሰምቷል። ነገሩ ገባው። ያ ሰውዬ ስለሱ ሲወራ ሰምቶ መጥቷል፤ በር ተሳስቶ እሷ ዘንድ ገብቷል።

«አብረን ነን፤» አለ። ተነስቶ ዕቃ አጠበ። ጀማነህ ዕቃ ሲያጥብ አይታ ስለማታውቅ፣ ፅጌረዳ በሽታው የከፋ መሆኑን ተረዳችና ሻወር ቤት ገብታ እንደገና አለቀሰች።

ሐሙስ ጠዋት ጀማነህ ወደ ዴቢ ጠረጴዛ ሄደ። አሁን የአጋዘንም የስልክም ነገር ከሐሳቡ ወጥቷል። ለሚስቱም ጭምር የሚሆነውን ፎርም እንድትሰጠው ጠየቃት። ዴቢ ሰጠችውና በደማቁ የተጻፈውን መስመር በእስክሪብቶዋ ነካ አደረገች።

«አንድ ነገር ብቻ፤» አለችው። «ከመግባቷ በፊት የያዛት ከሆነ አይከፍሉም።»

ጀማነህ በሕይወቱ የማንንም ቁራጭ እንጨት ሳይጠይቅ አንስቶ አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። እያወቅሁ ብፈርም ሌብነት ነው፤ ባልፈርም ደግሞ ሚስቴ ናት ብሎ አሰበ። ዴቢ ፊቱን አይታ ውኃ አመጣችለት። «ነገ ላምጣው፤» አለና ወጣ።

በዚያ ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እንግዳ ሆነበት። ገብረኪዳን መጥቶ ትከሻውን ዳበሰው። ጁነዲን የምሳ ዕቃውን ሊሸከምለት ታገለው።

«ጋሼ፣ ዱዓ እያደረግሁ ነው፤» አለው።

ጀማነህ ስለ ሚስቱ ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ እንባ ተናነቀው። ጁነዲን እንባውን አየና ለገብረኪዳን ነገረ።

ዓርብ ከሰዓት ጀማነህ ያልተፈረመውን ፎርም ይዞ ቤቱ ሲደርስ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። ሳሎን ሲገባ አሥራ አንድ ሰው ተነሣ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን፣ ጭማቂ፣ አጃ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ በጠርሙስ የሚሸጥ የበሽተኛ ወተት፣ ሁለት ፓውንድ የጥቁር አዝሙድ ዱቄትና አንድ ትልቅ ትራስ ተደርድሯል። ጁነዲንም ከእነሱ ጋር ተቀምጧል። እናናዬ ጥግ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቲማቲም መስላለች።

ገብረኪዳን ንግግር ጀመረ።

«ወንድማችን ጀማነህ፣ ሰው ሆኖ የማይፈተን የለም። የመጣንበትን ጉዳይ ስሙን አልጠራውም።»

«አይጠራ፤» አለ ጀማነህ።

«እንዴት ነው ታዲያ፣ ጥንካሬው?»

«ጠንካራ ናት፤» አለ ጀማነህ ወደ ፅጌረዳ እያየ። «ትናንት እንኳ ሥራ ሄዳለች።»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። በራሱ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ስለ ሚስቱ ያስባል።

«ስለሷ አታስብ፤» አለ ገብረኪዳን። «እድሩ አለላት።»

እድር የሚባለውን ቃል ሲሰማ ጀማነህ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እስከዚያ ደርሷል እንዴ?»

«ምንም የሚደርስ የለም፤» አለች ፅጌረዳ እያለቀሰች። «አንተ ብቻ አይዞህ።»

«አንቺ ነሽ እንጂ አይዞሽ።»

እናናዬ ከጥግ ሆና ድምፅ አሰማች። «እኔ ምንም አላውቅም፤» አለች፤ «ግን ሰው ስልክ ስለደወለ ብቻ ታሟል አይባልም። በአጠቃላይ ነው የምለው። ስለማንም አይደለም።»

«ስለምን ስልክ ነው የምታወሪው?» አለ ጁነዲን።

«ስለምንም።» ብርቱካን አንስታ ሳትልጠው ነከሰች።

በዚህ መሃል ሩሃማ ከኮሌጅ ገባች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ብርቱካኑን አየች፣ ትራሱን አየች፣ ሁለት የሚያለቅሱ ወላጆቿን አየች። ሰው ሞተ እንዳትል ማንም ጥቁር አልለበሰም።

«ዌይት፤» አለች። «ሁ ሃዝ ካንሰር?»

ቃሉ ሳሎኑ መሃል ወደቀ። አንዲት ሴት አማተበች። ከዚያ ጀማነህና ፅጌረዳ እኩል እጃቸውን አንስተው አንዱ ወደ ሌላው ጠቆሙ።

ሰዉ ጣቶቹን እየተከተለ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደሷ አየ።

«እኔ?» አለች ፅጌረዳ። «እኔ ምንም የለብኝም።»

«እኔስ ምን አለብኝ?»

«ጋራዥ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ ለሚስቱ ለፅጌረዳ ሲል።»

«እሱማ ልገባ ስጠይቅ ነው። ኢንሹራንሱን።»

«ልትገባ?»

«ልገባ።»

«አልታመምህም?»

«የታመምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ምነው ታዲያ ጫማዬን አነሳሽ?»

እናናዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «ተመስገን፤» አለች። «አሁን ራሳቸው ስለተናገሩ እኔ የለሁበትም።» ተመልሳ ተቀመጠችና እየተንፈቀፈቀች ሳቀች። ሌላውም ተከተላት። ጁነዲን ስቆ ስቆ ትራሱን አቀፈ። ገብረኪዳን ብቻ ትንሽ ቅር አለው፤ ንግግሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሩሃማ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው። «ባባ፣ ዴድላይኑ ፋይቭ ነው። ትገባለህ አትገባም?»

«እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ቀርቷል እንዴ?» አለ ጀማነህ ሚስቱን እያየ፤ ፅጌረዳ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችምና። እሷም ተናዘዘች። መሳቢያ ከፍታ የሦስት ዓመቱን ወረቀት አመጣች። የእሱ ስም ከእሷ ስም ሥር ተጽፏል።

ጀማነህ ስሙን አየ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ገብቼበታለሁ?»

«ገብተሃል።»

«እና አልመጣም።»

«ጋሼ፣ ይኸው ነው የምልዎት፤» አለ ጁነዲን። «ጠብቆዎታል።»

«ስላላወቀ ነው ያልመጣበት፤» አለ ገብረኪዳን። «አሁን አወቀ፤ እንጠንቀቅ። ሁለተኛ ከጨመረበት ደግሞ በሁለት በኩል ነው የሚጠራው።»

ሩሃማ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ቃሉ በወጣ ቁጥር ጀማነህ ፊቱን ያኮማትራል፤ ግን አላቋረጣትም። የሄልዝ ኢንሹራንሱ ሕክምናውን እንደሚሸፍን፣ ይኸኛው ሕክምና ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ እንደሚሰጥ፣ ከገቡ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ቢገኝ እንደማይከፍል፣ ከቀላሎቹ የቆዳ ዓይነቶች አንዳንዶቹን እንደማይቆጥር በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስረዳችው። የእናቷ ወረቀት ላይ ያለው አሥር ሺህ፣ አባቷ ቢታመም ከኪሱ የሚያወጣውን ሸፍኖ ለጥቂት ወር የቤት ክፍያ ይተርፋል።

«ሁለተኛው ቢጨመር ይጠቅማል?» አለ ጀማነህ።

«ካመመህ ይጠቅማል። ካላመመህ በየሁለት ሳምንቱ ትከፍላለህ። ፕሮሚስ ማድረግ አልችልም፣ ባባ።»

ጀማነህ አሰበ። አሥራ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው። እስክሪብቶ ጠየቀ። ሩሃማ ሰጠችው። ፎርሙ ላይ «አልፈልግም» የሚለውን ሳጥን ፈልጎ፣ አንድ ጊዜ አድምቆ፣ ምልክት አደረገበት።

«አንዱ ይበቃል፤» አለ። «ሚስቴ ያሰበችልኝ።»

ሩሃማ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ፎርሙን በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችለት። ከዚያ የእናቷን ወረቀት የመጨረሻ ገጽ ገልጣ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ማሚ፣ እዚህ ላይ በየዓመቱ ቅድመ ምርመራ ስታደርጉ ገንዘብ እንሰጣለን ይላል። አድርጋችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁለቱም ጣሪያ አዩ።

«ባባ፣ የአንጀት ምርመራ አድርገሃል? ፎርቲ ፋይቭ ሲሞላህ ነበር እኮ።»

«አንጀቴ ደህና ነው።»

«ማን ነገረህ?»

እንግዶቹ መሄድ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። ጀማነህ ያመጡትን ይዘው እንዲመለሱ ቢለምንም እምቢ አሉ፤ ገብረኪዳን ብቻ ትራሱ የሚስቱ ስለሆነ ወሰደው።

ምርመራው ከገና በኋላ ሐሙስ ቀን ተያዘ። ረቡዕ ዕለት ጀማነህ የሎሚ ጣዕም አለው የተባለ አንድ ትልቅ ጀሪካን አንጀት የሚያጸዳ ፈሳሽ ሲጠጣ ዋለ። ዐቢይ ጾምን ሃምሳ ዓመት ያህል ጾሟል፤ እንዲህ ያለ ጾም ግን አላየም፤ የሚጾመውን ሰው ራሱን ነው የሚያስወጣው። ሻወር ቤቱን ከሰዓት ጀምሮ ስለያዘው ሩሃማ ጎረቤት ሄዳ ተጣጠበች።

ሐሙስ ጠዋት ፅጌረዳ ነድታ ወሰደችው። ማደንዘዣው ሲጀምረው ጀማነህ አልጋው ላይ ተኝቶ ቤቱ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ሆነ። ዶክተሩንም ነርሶቹንም «ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ቆማችኋል፣ ተቀመጡ» እያለ፣ ዶክተሩ ካልተቀመጠ ዓይኔን አልከድንም አለ። ዶክተሩ ምን እንደተባለ ባይገባውም በእጁ ወንበር ስላሳየው ተቀመጠ። ያን ጊዜ ተኛ።

ሁለት ትናንሽ እብጠቶች ተገኙ። ዶክተሩ እዚያው ቆርጦ አወጣቸው፤ ለላብራቶሪም ተላኩ። ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ክፉ ነገር የለባቸውም፤ ቢቆዩ ግን ከርመው ወደዚያ ሊሄዱ ይችሉ ነበር ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመለስ አሉት። ጀማነህ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈው፤ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ።

በማርች ተራው የፅጌረዳ ሆነ። ጀማነህ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ በመኪናው አደረሳት። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ነበር፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዱን ቢጫ ዓሣ ሲከተል ቆየ። ስትወጣ ኮቷን ይዞላት፣ ደህና መሆኗን ነርሷ ስትነግረው፣ እስኪ ድገሚልኝ አላት። ነርሷም ደገመችለት።